የዘገየ ሞት ባለዕዳው ማነው?

ከአሶሳ አለፍ ብላ የምትገኘው ሆሞሻ ሽመልና ማንጎ የበዛባት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ በእስልምና ሃይማኖት ጸንቶ የሚኖር የበርታ ሕዝብ የሆነባት ወረዳ ናት፤ ስሟ በሩቅ አገር ከተነሣም ብዙ ጊዜ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1997 በተከፈተው በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያና ከጅረቶቿ አሸዋ እየታጠበ በሚወጣው ወርቅ ነው። ለዚያ አገር ወርቅ ሲባል የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ሠራዊቱን በሱዳን በኩል ልኳል፤ ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተውበታል፤ ሼኽ ሆጀሌ አል ሐሰንም ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግብር ሲያገቡ የግብሩ ዋና ነገር ይኸው ወርቅ ነበር። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ነገሥታት ስላልተጣሉበት፣ ባለጸጋም በጣቱ ስለማያደርገው፣ ነገር ግን ወደዚያው አገር በየጊዜው በጭነት መኪና ስለሚገባውና ተመልሶ ስለሚወጣው ስለ ሌላው ማዕድን፣ ስለ እርሳስ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት መንደር ሁሉ ማታ ሱቁን የሚያበራው፣ ስልክ የሚሞላው፣ ባጃጁንና አይሱዙውን የሚያስነሣው ባትሪ ነው፤ የመኪና ባትሪ ደግሞ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። ባትሪው ሲደክም ውሃ ይጨመርለታል፤ ቻርጅ ይደረጋል፤ ጨርሶ ሲሞትም የሚጣል ነገር አይደለምና ቆራሌው በኪሎ ወይም በፍሬ ይገዛዋል፤ ከቆራሌው ወደ ትልቁ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ከተማ እየተሻገረ በመጨረሻ አንድ ሰው እጅ ላይ ይወድቃል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚያ ሰው ላይ ነው።

ሰውየው ባትሪውን ገልብጦ አሲዱን ከቦይ ዳር ያፈሳል፤ ክዳኑን በመጥረቢያ ፈልጦ የእርሳሱን ሳህኖች ያወጣል፤ የተለጠፈባቸውን ግራጫና ቡናማ ዱቄት በመዶሻ ያራግፋል፤ ከዚያም በከሰል ላይ በተጣደ ብረት ድስት ያቀልጠዋል። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ይህም መዳብ ወይም ብረት ከሚፈልገው ሙቀት እጅግ ያነሰ በመሆኑ ትልቅ ምድጃ ሳይኖረው ምስኪን ሁሉ ሊገባበት የሚችል ሥራ ሆኗል፤ መርዙ በየጓሮው እንዲስፋፋ ያደረገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ቅለቱ ነው። በፈላው እርሳስ ላይ አመድ የመሰለ ቆሻሻ ሲሰፍፍ በማንኪያ ይገፈፋል፤ ሥሩ ያለው እንደ ብር ያበራል። ምሳ ሲደርስ ሠራተኛው እጁን በሱሪው ጠርጎ ዳቦውን ይቆርሳል፤ ማታም በዚያው ቱታ ቤቱ ሲገባ ትንሹ ልጁ ሮጦ ጉልበቱ ላይ ይጠመጠማል። ጓደኞቹ «ወተት ጠጣ፤ ወተት መርዝ ያወጣል» ይሉታል፤ ይህንንም ቃል በየጋራዡና በየቀለም ቤቱ የማይሰማ የለም። ወተት ለተራበ ሆድ መልካም ምግብ ነው፤ አጥንት ውስጥ የገባውን እርሳስ ግን አያወጣም፤ በጽዋ ወተት የሠራተኛውን ሳንባ የገዙ የሚመስላቸው አሠሪዎችም ይህን ቢያውቁት ደግ ነበር።

እርሳስ በትንፋሽና በአፍ ገብቶ ከደም ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሰውነት ከካልሲየም ለይቶ ስለማያውቀው፣ አጥንት የሚሠራበት ንጥረ ነገር መስሎት ተቀብሎ በአጥንት ውስጥ ያኖረዋል፤ በዚያም አሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። ደም እንዳይሠራ እየከለከለ ፊትን ያገረጣል፤ ሆድን ይቆርጣል፤ ኩላሊትን ያደክማል፤ የደም ግፊትን ያነሣል፤ ሲበረታም የእጅ አንጓን ሽባ እስኪያደርግ ይደርሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በሴት ላይ የሚሆነው ነው፤ በወጣትነቷ በአጥንቷ ያከማቸችው እርሳስ በፀነሰች ጊዜ ከአጥንት ተፈትቶ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ስለዚህ ገና ዓለምን ያላየ ሕፃን እናቱ ከዓመታት በፊት የሠራችበትን ጋራዥ ዕዳ ይዞ ይወለዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ተናግሯል፤ ከዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ሲገኝም ምንጩ ይፈለግ ዘንድ መክሯል። በእኛው አገር በጅማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 45 የጋራዥ ሠራተኞች ደማቸው ሲመረመር ከ10 ማይክሮግራም በታች የሆነ አንድ ስንኳ አልተገኘም፤ ግማሽ ያህሉም ከ20 ያለፈ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ሰውን በአንድ ሌሊት በጩቤ የገደለ ነፍሰ ገዳይ መሆኑን ሕፃን ልጅም አይስተውም፤ ሰውን በ20 ዓመት በዱቄት የገደለስ ማን ይባላል? ፍትሐ ነገሥት ሆነ ብሎ የገደለውን ሳያስበው ከገደለው ለይቶ ይፈርዳል፤ ይህ የኛ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ለመመደብ ያስቸግራል፤ መግደልን አልፈለገምና ሆነ ብሎ ገደለ አይባልም፤ ማወቅ የሚገባውን ሁሉ ሊያውቅ ይችል ነበርና ሳያስበው ገደለ ማለትም አይቻልም። ሟቹም በአንድ ቀን ስለማይሞት ለቅሶ ተቀምጦ ደመኛ የሚፈልግለት ዘመድ የለውም፤ ጎረቤቱ «ኩላሊት ያዘው» ይላል፤ «ደም ግፊት ነበረበት» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። የጊዜ ርዝመት በደልን ያጥባልን? ሞቱ ቢዘገይ ባለዕዳነቱ ይቀራልን?

በአገራችን ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለው ነው፤ ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ያመጣው» ይላል፤ ሙስሊሙ «አላህ የጻፈው» ይላል። ይህ ቃል ሲነገር ትሕትና ይመስላል፤ በሐዘን ለተጎዳ ቤተሰብ ሲነገርም በእርግጥ መጽናኛ ነው፤ እኔም ከሐዘንተኛ አፍ አልነጥቀውም። በአሠሪ አፍ ሲነገር ግን ያው ቃል በፈጣሪ ላይ የሚቀርብ የሐሰት ክስ ይሆናል፤ መስኮት ያልከፈተው ሰውየው ሆኖ ሳለ መስኮቱን የዘጋው ፈጣሪ ነው እንደ ማለት ነውና። በሉቃስ ወንጌል 13ኛው ምዕራፍ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተነሣ ጊዜ፣ ጌታ እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል፤ የሟቾቹን ኃጢአት እየመረመሩ ግንቡን ሳይመረምሩ ማለፍ ለሚቀናው ሁሉ ይህ በቂ ተግሣጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ዳርቻ፣ ትያሮይ ሱር ሜር በተባለች ሠፈር፣ ሴቶች አሮጌ ባትሪ እየፈለጡ ከአፈሩ ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ እየነፉ ይሸጡ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያች ሠፈር የሞቱት ሕፃናት ቁጥር እንደ አጋጣሚ ሆኖ 18 ነበር። እንደ ሰሊሆም ሁሉ ስለ እነዚህም «ምን በድለው ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው እንዳልጠፋ እገምታለሁ፤ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ባየሁ ጊዜ ግን መጽሐፉን ከፍቼ ደግሜ ሳላነብ አላለፍሁም።

በሆሞሻ መስጊዶች የሚሰበሰበው ምእመን የሚያውቀው ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። በ7ኛው መቶ ዓመት በሶርያ የዐምዋስ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ኸሊፋ ዑመር ከመንገድ ሊመለሱ ቢነሡ፣ የጦር አዛዣቸው አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሸሻቸውን ነገሩት፤ ለዚህም መንጋውን ከደረቁ ሸለቆ ትቶ ወደ ለምለሙ የሚያሰማራውን እረኛ አብነት አድርገው አስረዱ። በዚህ አነጋገር መሠረት የጢሱን ጓሮ ትቶ ነፋስ ወዳለበት መውጣት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ቱታን ከሥራ ቦታ አውልቆ መሄድ ከእምነት መውጣት አይደለም፤ የተጻፈው ጢሱ ብቻ ሳይሆን ሳሙናውም ጭምር ነውና። በነቢዩ መሐመድ ስም የሚተላለፈው ራስንም ሌላውንም መጉዳትን የሚከለክለው ቃል በእስልምና ሕግ ሊቃውንት ዘንድ እንደ ትልቅ መሠረት የሚቆጠር ነው፤ አንድ የጋራዥ ባለቤት በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ስለ ቀድር፣ ማለት ስለ አላህ ውሳኔ፣ ሲሰብክ ብሰማ ምን እንደምመልስለት ዐውቃለሁ።

በደጋው ክርስቲያን አገር ደግሞ ነገሩን ያከበደ ሌላ ደዌ ነበረ፤ ብረት የሚያቀልጥና የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ ሲሰደብና ሲፈራ ስለ ኖረ፣ ሕማሙም ሞቱም የራሱ የብረት ሠሪነቱ ጣጣ እንጂ የሚመረመር ነገር ተደርጎ አልተቆጠረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል፤ ስድቡ ከመቶ ዓመት በላይ ተከልክሏል፤ ሕማሙን አለመጠየቁ ግን በዐዋጅ ሳይሻር ቀርቶ እስከ ዛሬ ከኛ ጋር አለ።

ሁለተኛው መልስ ከዘመናዊው ሰው የሚመጣ ነው፤ «ማን አስገደደው? ደመወዙን ተስማምቶ ነው የገባ» ይላል። ይህ መልስ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስቸግር ነው፤ ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ብለን የምናምን ሰዎች ፈቃዱን ልንንቅበት አይገባምና። እኔ ግን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ሰው ሊሸጠው የሚችለው የራሱ የሆነውን ብቻ አይደለምን? ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሰውነታቸው የራሳቸው እንዳልሆነና በዋጋ እንደተገዙ ጽፎላቸዋል፤ በእስልምናም ነፍስና ገላ ከፈጣሪ የተሰጡ አማና፣ ማለት አደራ፣ ናቸው፤ ራሱን የሚገድል ሰው በሁለቱም ሃይማኖት የተወገዘው በዚህ ምክንያት ነው። አደራ የተቀመጠበትን ዕቃ የሸጠ ሰው ቢኖር ሻጩ ብቻ አይጠየቅም፤ አደራ መሆኑን እያወቀ የገዛውም ይጠየቃል። ፈጣሪ አዳምን ከገነት ሲያወጣው እንጀራውን በፊቱ ላብ እንዲበላ ፈረደበት፤ በደሙ እንዲበላ ግን አልፈረደበትም፤ ደመወዝም የላብ ዋጋ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ደምን በደመወዝ የገዛ አሠሪ ከተረገመችው ምድር የባሰ ዕዳ በአዳም ልጅ ላይ ጭኗል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ የተራበ ሰው «እሺ» ማለቱ እንዴት ያለ እሺታ እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ፣ በዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎው አይላንድ በተባለ ስፍራ የአሜሪካን ሳያናሚድ ኩባንያ የእርሳስ ቀለም በሚሠራበት ክፍል መውለድ የሚችሉ ሴቶች እንዳይሠሩ ደነገገ፤ 5 ሴቶችም እንጀራቸውን ላለማጣት ሲሉ ዳግመኛ እንዳይወልዱ ቀዶ ሕክምና አስደረጉ፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ተዘጋ። ነገሩ ለዳኞች ቀርቦ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1984 ድንጋጌው በሥራ ደኅንነት ሕግ የሚታይ አደጋ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ሴቶቹ ምርጫ ነበራቸውና። ምርጫ! ከማሕፀንና ከእንጀራ አንዱን መምረጥ ምርጫ ከተባለ፣ ሽፍታ በጫካ «ገንዘብህን ወይስ ነፍስህን?» ብሎ ሲጠይቅም መንገደኛው መርጦ ገንዘቡን ሰጠ ልንል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለው ባትሪ ሠሪ ኩባንያ ሴቶችን ከእርሳስ ሥራ ማገዱ ሕግን የጣሰ አድልዎ ነው ብሎ በየነ፤ ፍርዱ ለሴቶቹ መብት መልካም ነበር፤ የወንዱንም ዘር እርሳስ እንደሚያበላሽ ዳኞቹ አልዘነጉም። የሁለቱን ነገር መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያይ ሰው ግን ክርክሩ ሁሉ እርሳሱን ማን ይሸከም በሚል ላይ እንደተደረገ፣ እርሳሱ ከአየሩ እንዲወጣ ለማድረግ ግን ከሁሉ ያነሰ ቃል እንደተነገረ ያስተውላል።

«አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስ ብዙ ቀለም አይፈጅም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 የሠራተኞችን በሽታ የሚመለከት መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ሐኪም በሽተኛን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ጋር «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለውን እንዲጨምር መከረ፤ በሸክላ መለበጫ እርሳስ የሚሠሩትም እጃቸው እየሰለለ ጥርሳቸው እየረገፈ እንደሚሄድ ዘገበ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሌግ በ1898 የፋብሪካዎች የሕክምና መርማሪ ሆኖ ከተሾመ ጀምሮ ስለ እርሳስ ሲታገል ኖሮ፣ አሠሪው ማድረግ የሚገባውን ሁሉ ሳያደርግ ሠራተኛው ራሱን ለማዳን የሚችለው ነገር ከቁጥር የማይገባ እንደሆነ አስተማረ፤ በ1926 መንግሥቱ በሕንፃ ቀለም ውስጥ ነጭ እርሳስን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አልቀበልም ቢል ሹመቱን ተወ። አሊስ ሐሚልተን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1910 በኢሊኖይ ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካም ወደ ሠራተኞቹ ቤት እየሄደች የታመሙትን በስም ቆጠረች። የኛም ሕግ ዝም አላለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲሰጥ፣ ስለ አደጋውም እንዲያስተምር ያዛል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታም ከአደጋ ጋር አብሮ ያስክሳል።

እንዲህ ከሆነ ነገሩን የሚፈርደው ኦሪት ነው። በኦሪት ዘፀአት 21ኛው ምዕራፍ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ቀድሞ ተዋጊ እንደነበረ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ባለቤቱም የሞት ዕዳ አለበት። ሕጉ ስለ ባለቤቱ አሳብ አይጠይቅም፤ ጠላው ወይስ ወደደው አይልም፤ የሚጠይቀው ተነግሮት ነበር ወይ ብሎ ነው። በኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ከጣራው ወድቆ የደም በደል በቤቱ ላይ እንዳያመጣ፣ ለጣራው መከታ እንዲያበጅለት ታዟል፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገና ማንም አልወደቀም፤ በደሉ የሚጀምረው ሰው ከወደቀበት ቀን ሳይሆን መከታው ሳይሠራ ከቀረበት ቀን ነው። ራማዚኒ ከጻፈ 300 ዓመት አልፏል፤ ስለ እርሳስ ያልተነገረው ባለበሬ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ስለዚህ ከላይ ለጠየቅሁት ጥያቄ የኔ መልስ ይህ ነው፤ መዘግየቱ የሞቱን ቀን ያርቃል እንጂ ዕዳውን አያስቀንስም፤ እንዲያውም በአንድ ምት የገደለ ሰው ለመጸጸት ጊዜ አላገኘም፤ በ20 ዓመት የገደለ ግን 7,300 ጠዋት ተሰጥቶት በየጠዋቱ አልፎታል።

ዳሩ ግን ዕዳውን ሁሉ በጋራዡ ባለቤት ላይ ጭኖ መሄድ ለኔም ለአንባቢውም የሚመች ስለሆነ ብቻ እጠራጠረዋለሁ። በሆሞሻ ሱቅ የሚበራው መብራት ለባለሱቁም ለገዢውም የሚገባ ብርሃን ነው፤ የአገሩ ሰው በጨለማ ይቀመጥ የሚል ጻድቅ ቢመጣ መጀመሪያ የራሱን አምፖል እንዲያጠፋ እጠይቀዋለሁ። እርሳስም በፍጥረቱ ርኩስ አይደለም፤ ፈጣሪ በከርሠ ምድር ያኖረው ነው፤ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 ሁለት የእርሳስ ሳህን በአሲድ ነክሮ የሚሞላ ባትሪ በሠራ ጊዜም የሰው ልጅ ጥበብ ያፈራው መልካም ፍሬ ነበር። እየቀለጠ ደግሞ ደጋግሞ ባትሪ ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ፣ በተዘጋ ምድጃ፣ ጢስ በሚስብ ማራገቢያ፣ አቧራውን በውሃ በማርጠብ፣ ሠራተኛው ታጥቦና ልብስ ለውጦ እንዲወጣ በማድረግ፣ ደሙንም በየጊዜው በመመርመር ቢሠራ ጉዳቱ እጅግ ያንሳል። ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋውም በባትሪው ላይ ይጨመራል፤ እኛም ርካሹን እንመርጣለን። ርካሹ ባትሪ የረከሰበትን ምክንያት ሳንጠይቅ የገዛን ሁሉ፣ የዕዳውን መዝገብ ብንገልጥ፣ በትንሽ ፊደል ተጽፈን እንገኛለን። በደል በብዙ ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ የሚያሳዝነው ለሟቹ የሚደርሰው አለማነሱ ነው።

በጎረቤታችን በኬንያ፣ በሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በተባለ ሠፈር አጠገብ አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ተከፍቶ ነበር። በዚያው ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ የምታጠባው ልጇ ታሞባት ሲመረመር በደሙ እርሳስ ተገኘ፤ እርስዋም ሥራዋን ትታ ሠፈሩን አሰባስባ ታገለች፤ ፋብሪካው ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ፤ ተከሳሾቹ ይግባኝ ቢሉም በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለሠፈሩ በየነ። ከዚህ ታሪክ የምወደው ካሣውን አይደለም፤ ካሣ አጥንት ውስጥ ገብቶ እርሳስ አያወጣም። የምወደው ዳኞቹ ፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን አይተው እንዳላየ የሆኑትን መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችም ባለዕዳ ማድረጋቸውን ነው፤ ዝም ያለ ጠባቂ ከተዋጊው በሬ ባለቤት ጋር አብሮ ተቆጠረ ማለት ነውና።

ሆሞሻን በተለይ ያነሣሁበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። እርሳስ የሚመጣው በባትሪ ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ አገር ከወርቅ ጋር በአንድ ዐለት ውስጥ ተጋብቶ ይገኛል። በሰሜን ናይጄሪያ፣ በዛምፋራ ግዛት፣ ሰዎች የወርቅ ድንጋይ ወደ ቤታቸው እያመጡ በእህል ወፍጮ ይፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ እርሳስ የበዛበት ስለነበረ እ.ኤ.አ. በ2010 ነገሩ ሲታወቅ ከ400 በላይ ሕፃናት እንደሞቱ ተገኘ፤ አባቶቹ ወርቅ ፈልገው ለልጆቻቸው እንጀራ ሊያመጡ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ከጅረት አሸዋ በገበቴ ወርቅ ማጠብ እንዲህ ያለ አቧራ የለውም፤ ዐለት ፈልፍሎ፣ ፈጭቶ፣ በሜርኩሪም አጣብቆ ወርቅ ማውጣት ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በቤኒሻንጉል የወርቅ ሥራም ከጅረቱ ወደ ጉድጓዱ ሲሸጋገር በገዛ ዓይናችን የምናየው ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ሰው በጨለማ ውስጥ ብርና ወርቅ ለመፈለግ የሚደክመውን ድካም ከተረከ በኋላ ጥበብ ግን ከዚያ ጉድጓድ እንደማትገኝ ይናገራል። ወፍጮው ከመኖሪያ ቤት ይራቅ፤ ድንጋዩ በውሃ እየረጠበ ይፈጭ፤ ሕፃን ወደዚያ አይቅረብ፤ ይህን ለመናገር የወርቅ ዐዋቂ መሆን አያሻም፤ ከዛምፋራ ሕፃናት መቃብር መማር ይበቃል።

ቃሌን የምጨርሰው ሕዝብ ለሚሰማቸው ሰዎች ልመና በማቅረብ ነው። የንስሐ አባት ሆይ፣ ልጅህ የጋራዥ ባለቤት ከሆነ ጾሙንና ስግደቱን ከጠየቅኸው በኋላ፣ ሠራተኞቹ ከምሳ በፊት የሚታጠቡበት ውሃና ሳሙና እንዳለ፣ ልብሳቸውን የሚለውጡበት ክፍል እንዳለ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባትሪ እንዳይፈልጥ መከልከሉን ጠይቀው፤ ከሌለም ቀኖናውን ከዚያ ጀምርለት። ሼኽ ሆይ፣ በጁምዓ ኹጥባ ላይ የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲከፈል ስታስተምር፣ የሠራተኛው ደም ከላቡ ጋር እንዳይከፈል ደግሞ ጨምረህ አስተምር። ሐኪሞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ ሆዱን የሚቆርጠው፣ ፊቱ የገረጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ሰው ሲመጣ፣ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁት።